የዙህራ ውሃ

ሐጂ ኑርዬን የገደላቸው ምንድን ነው?

ፈህሚያ ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ይህንኑ ታወጣለች፣ ታወርዳለች። መልስ አልነበራትም። ሰዉ ግን መልስ ነበረው፤ «ብርድ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ጎንደር ላይ ጥር ሲገባ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ሽማግሌ ሲታመም ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም። ሐጂ ኑርዬም ሳል ጀመራቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ ጥቂት ቀን ቀባዠሩ፣ ሞቱ። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው አፈር አልብሶ ተመለሰ፤ ነገሩም በዚያው ተቆረጠ።

ለእሷ ግን አልተቆረጠም። ከሐጂ ኑርዬ በፊት ከሰፈሩ መስጊድ ሌላ ሽማግሌ በዚያው ሳል፣ በዚያው ቅዠት ሄደዋል። አሁን ደግሞ በልጅነቷ ቁርኣን ያስቀሯት ሸኽ ዐብዱረሕማን ሆስፒታል ገብተዋል። ብርድ ከሆነ አብረዋቸው የሚያድሩት ሚስቶቻቸው ምነው አንድ ቀን እንኳ አልሳሉ? ብርድ ሰው ይመርጣል እንዴ?

አጠገቧ ወደ ተቀመጡት ሴት ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ሐጂ ከመታመማቸው በፊት የት የት ሄደው ነበር? ምን በልተው ነበር?»

ሴትዮዋ ሻሻቸውን ገልጠው ትክ ብለው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ሰው ሲሞት ‹ኢንና ሊላህ› ይባላል እንጂ ‹ምን በላ› ይባላል?»

ከወዲያ ማዶ አንዷ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ጀርመን ተምራ የመጣችው የሐጂ ሳሊም ልጅ እኮ ናት። ምግቡንም አሽትታ ነው አሉ የምትበላው» አለች። ሴቶቹ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል ሳቁ።

ፈህሚያ አልተቀየመችም፤ ውሸት አልነበረማ። ጀርመን ሳለች ሥራዋ የሰው ሕንጻ ምድር ቤት እየወረደች፣ የሙቅ ውሃ ታንከር እያስከፈተች ናሙና መቅዳት ነበር። እዚያ መጠራጠር ደመወዝ ይከፈልበታል። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ጥርጣሬዋን የሚፈልግ አልተገኘም። ያመለከተችባቸው መሥሪያ ቤቶች «እንደውልልሻለን» እንዳሉ ቀሩ። እሷም ቀን ቀን በአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትቀመጣለች፤ ማታ ማታ ተመልሼ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ትገላበጣለች። ሥራ ያጣው ጥርጣሬዋ ያገኘው ላይ ሁሉ ያርፋል፤ ወተቱ ላይ፣ የጎረቤቱ ሰላምታ ላይ፣ ከሁሉ ይልቅ ራሷ ላይ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። ዶክተር ጌትነት አብሯት የተማረ ልጅ ነው። ኮሪደር ላይ አገኛትና ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሳንባቸው ነው፤ ሁለቱንም ጎን ይዞታል። የምንሰጣቸው መርፌ ለውጥ አላመጣም» አላት።

«ሆዳቸውስ?»

«ያስቀምጣቸዋል። ይቀባዥራሉም። ምነው? የምታውቂው ነገር አለ?»

«አላውቅም» አለችና ገባች።

ሸኽ ዐብዱረሕማን አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ትራስ ተደግፈዋል። ሲያዩዋት ዓይናቸው ሳቀ። «መጣሽ? አሊፍ ባን ስትሸሺ የነበርሽው ልጅ… ዛሬ በሽታ ልታባርሪልኝ?»

«እናባርረዋለን፣ ሸኽ። አንቱ ብቻ ይንገሩኝ፤ ከመታመምዎ በፊት ምን ያደርጉ ነበር? ሠርግ ሄደዋል? ከእነ ሐጂ ኑርዬ ጋር የበላችሁት ነገር አለ?»

«እኛ ምን… አብረን እንበላለን? ጥርስ ያለው ማን አለ?» ሳሉ፤ እስኪበርድላቸው ጠበቀች። «አብረን የምንሠራው አንድ ነገር ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ መታጠብ። የእናትሽ ውሃ ይመስገን። እዚያ ውሃ ሥር ስቆም ጉልበቴ ይፈታል። እንፋሎቱን ሳብ ሳደርገው… ደረቴ ይከፈታል።»

ፈህሚያ የያዘችው የሸኹ እጅ ትኩስ ነበር፤ የእሷ ግን በድንገት ቀዘቀዘ።

የእናቷ ውሃ። እናቷ ዙህራ ስትሞት እሷ ሩቅ ነበረች። አባቷ በሚስታቸው ስም መልካም ሥራ እንዲቀር ብለው ከሱቃቸው ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሁለት መታጠቢያ ክፍል ሠሩ። በርሜል የሚያክል ትልቅ የኤሌክትሪክ ቦይለር ገጠሙበት። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ በፓምፕ ይሞላል፤ ሮቶው ቦይለሩን ይሞላል። ለጁምዓ ሰላት ገላቸውን የሚታጠቡ ሽማግሌዎች በብርድ እንዳይሠቃዩ ዓርብ ጠዋት በሩ ይከፈታል። በሌላው ቀን ተከራዮች እንዳያባክኑት ይቆለፋል። ሰፈሩ «የዙህራ ውሃ» ይለዋል። በፈሰሰ ቁጥር ዱዓ ይደረግላታል።

ከሸኹ ክፍል ስትወጣ ጌትነት ይጠብቃት ነበር።

«ጌቱ፣ መድኃኒቱን ቀይረው። ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ አለ። ሰው ከእንፋሎቱ ጋር ይስበዋል፤ ሳንባ ላይ ይወርዳል። አሁን የምትሰጧቸው መርፌ አይነካውም።»

«ስለ እሱ አንብቤያለሁ። ግን እዚህ የሚመረምርልን የለም። በምን አወቅሽ?»

«ጠረጠርሁ።»

«ውሃው የማን ነው?»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ከየት ነው አትበለኝ። ሙቅ ውሃ ነው፤ እሱ አይበቃህም?»

«ለእሳቸው ይበቃኛል፤ እቀይረዋለሁ። ነገ በዚያው ሳል ለሚመጣው ሌላ ሰው ግን አይበቃኝም። የት እንደታጠበ ካልነገረኝ እኔም ብርድ ነው ብዬ ያንኑ መርፌ ነው የምወጋው።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቁልፉን ከአባቷ መሳቢያ አንሥታ ግቢው ገባች። የመታጠቢያውን በር ስትከፍት የታመቀ እርጥበት ፊቷን ዳበሳት። የሻወሩን ወንፊት ፈትታ ጣቷን ውስጡ አስገባች። ቡናማ ሆኖ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ተከትሎ ወጣ። ከቦይለሩ ሥር ያለውን መዝጊያ ስትለቀው መጀመሪያ የወረደው ዝገት የቀላቀለ ደለል ነው። እጇን ሰደደችበት። የሚያቃጥል መሆን ነበረበት፤ ግን ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ለብታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ፣ ለብ እንዳለ፣ ዝም ብሎ የተኛ ውሃ። ያ ባክቴሪያ ቤት ሥሩልኝ ቢል ከዚህ የተሻለ አይሠሩለትም።

ፈህሚያ ሳይታወቃት በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና ነበር። ልብ ስትለው አፈረች፤ በእናቷ ውሃ ፊት አፍንጫ መሸፈን! ግን አልገለጠችም።

የሙቀት መቆጣጠሪያው ወደ ታች ተጠምዝዟል። ማን ጠመዘዘው? ነጋዴ የመብራት ነገር ይከነክነዋል፤ አባቷም ነጋዴ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላትና ቆመች። አባቷ ራሳቸው እዚህ ታጥበው አያውቁም። ዓርብ ዓርብ ቤት ውስጥ በማንቆርቆሪያ አሙቀው፣ በጆግ እያፈሰሱ ነው የሚታጠቡት። ይህን የመሰለ ሻወር ሠርቶ በጆግ የሚታጠብ ሰው ምን ቢያውቅ ነው?

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ገባች። ሐጂ ሳሊም አቡጀዲ እያጠፉ ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ገብስ ነው፤ አያ አድማሴ ባለፈው ሳምንት መንገዱ ተከፍቶ በነበረ ጊዜ ከገጠሩ ከድብ ባሕር ያመጡት። አባቷ በወጣትነታቸው ጨርቅ ጭነው በየገበያው ሲዞሩ የሚያድሩት እሳቸው ቤት ነበር። አያ አድማሴም ጎንደር ሲመጡ ከሐጂ ሳሊም ቤት ሌላ አያድሩም። አንዱ መስቀል በአንገቱ፣ አንዱ ቆብ በራሱ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ልጅ ይሰዳደባሉ።

«አባዬ፣ የቦይለሩን ሙቀት ማነው የቀነሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለመብራት ብለው?»

የሐጂ ሳሊም እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ለእናትሽ መብራት ልቆጥብ?»

«ታዲያ ለምን?»

«ኑርዬን ትከሻውን ለበለበው። የሽማግሌ ቆዳ ምን አለው፣ ወረቀት ነው። ‹ሳሊም፣ ጀነት ልታስገባን ነው ወይስ ጀሀነምን ልታስለምደን?› ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት አፈርሁ። በዚያው ቀን ቀነስሁት።»

የፈህሚያ ጥርጣሬ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። «አንቱስ ምነው አይታጠቡበትም? አይቻለሁ፤ በማንቆርቆሪያ ነው የሚታጠቡት።»

አባቷ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋት። ጥያቄው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። «የማውቀው ነገር ያለ መሰለሽ?»

ዓይኗን ወደ ጆንያው መለሰች።

«የሰጠሁት ነው፣ ፈህሚያ። የሰጠሁትን መልሼ አልቀምስም። አያትሽም ለመንገደኛ ባስቆፈሩት ጉድጓድ ውሃ ጠጥተው አያውቁም፤ ተጠምተው ያልፉታል። ይህን ሳታውቂ ነው ያደግሽ?»

ታውቃለች። አሁን ገና ትዝ አላት። ሆኖም ያን ጊዜም ቢሆን በውስጧ አንድ ድምፅ፣ «መልሱ ተዘጋጅቶ የጠበቀሽ ቢሆንስ?» አላት። ድምፁን ጠላችው፤ ግን ሰማችው።

ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ለብታውን፣ ደለሉን፣ እንፋሎቱን፣ የሸኹን ሳንባ። ነገ በሩ እንዳይከፈት፣ ቦይለሩ ታጥቦ ውሃው እስኪፈላ እንዲሞቅ፣ ለታጠቡት ሰዎች ሁሉ እንዲነገር ለመነች።

«መርምረሻል?»

«የሚመረምርልኝ አላገኘሁም። ግን—»

«ግን ጠርጥረሻል።» ሐጂ ሳሊም መደርደሪያውን ተደገፉ። «እሺ፤ በሩን እዘጋለሁ። ፓምፑ ተበላሽቷል እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ያ ውሃ በፈሰሰ ቁጥር ለእናትሽ አጅርና ምንዳ ይጻፍላታል። አንቺ አሁን የምታስጽፊላት ምንድን ነው? ‹የዙህራ ውሃ ሰው ገደለ›?»

«ሳንነግራቸው ቢሞቱስ፣ እሱስ ለማን ይጻፋል?»

ሐጂ ሳሊም የሱቁን መዝጊያ አወረዱት።

ዓርብ ጠዋት ጌትነት ደወለ። የሸኹ ትኩሳት ወርዷል፤ ውሃ ስጡኝ ብለዋል፤ በነርሷም ቀልደዋል። ፈህሚያ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረች፤ መርፌው ዘግይቶ ሠርቶ ቢሆንስ? ሊሻላቸው የነበረ ቢሆንስ? ለአንድ አጥጋቢ ማስረጃ የአንድ ዓመት ዕድሜዋን በሰጠች።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። ሐጂ ሳሊም በተቆለፈው በር ፊት ናቸው።

«ፓምፑ ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ትናንት ደኅና አልነበረም እንዴ?» አሉ ሐጂ በሽር። በሰፈሩ በቀልዳቸው የታወቁ፣ ድድና ሳቅ ብቻ የቀራቸው ሰው ናቸው። «ልጅህ ነች አሉ ያስዘጋችው። ትናንት አፍንጫዋን ሸፍና ስትወጣ ታይታለች። ውሃ ለመፍራት ጀርመን ድረስ ምን አስኬዳት? የኔ ድመት እዚሁ ተምራዋለች!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሐጂ ሳሊም ግን አልሳቁም። ደረጃው ላይ የቆመችውን ልጃቸውን በዓይናቸው «ተይ» አሏት።

ፈህሚያ ማታውን የጌትነትን ቃል ስታመነዥክ ነው ያደረችው። የት እንደታጠበ ካልነገረኝ።

«ፓምፑ አልተበላሸም» አለች።

ሳቁ ተቋረጠ።

«ውሃው ነው የተበላሸው። ሐጂ ኑርዬን ብርድ አልገደላቸውም ብዬ እፈራለሁ። ሸኽ ዐብዱረሕማንንም የጣላቸው ብርድ አይመስለኝም። እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርግጠኛ እስክሆን ግን ሌላ ሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ ሁለት ሳምንት እዚህ የታጠበ ሰው ከሳለ፣ ካተኮሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ቤቱ አይተኛ። ሆስፒታል ይሂድና ‹የዙህራ ውሃ ታጥቤያለሁ› ይበል። መድኃኒት አለው፤ ግን ካልተነገራቸው አይሰጡትም።»

አንድ ሽማግሌ ፎጣቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱና፣ «ኑርዬን ሳሊም ገደለው ነው የምትይው?» አሉ።

«አባቴ ሐጂ ኑርዬን እንዳያቃጥላቸው ብሎ ነው ውሃውን ያበረደው። ክፉ አላሰበም።»

«እናቷ በመቃብሯ ትስማት!» አለ ሌላ ድምፅ። ሁለት ሰዎች ግቢውን ጥለው ወጡ። ሌሎቹ ጉሮሯቸውን እየዳበሱ ተያዩ፤ ማን ሳለ፣ ማን አልሳለ ይቆጣጠራሉ። የጥርጣሬው ነገር እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ የማንም ደረት አያመልጠው።

ሐጂ በሽር ብቻ ድዳቸውን ገልጠው፣ «እኔማ አላህ አውጥቶኛል» አሉ። «ባለፈው ጁምዓ ታጠብሁ? አልታጠብሁም። ተራዬን ለሳሊም እንግዳ ሰጥቼ እኔ ሳልታጠብ ቀረሁ። ለዚያ ለድብ ባሕሩ ሰውዬ። ሳሊም አይደለህም፣ ‹የመንገድ አቧራ በልቶታል፣ ቅድሚያ ስጠው› ያልኸኝ? ሰውዬው ደግሞ ወዶት ሲዘፍን ሲዘፍን አልወጣ ብሎን—»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። ሐጂ ሳሊም በሩን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወደ ታች ይንሸራተቱ ነበር። ፈህሚያ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«አድማሴ» አሉ። «ቅዳሜ ስሸኘው ‹ዛሬስ ብርድ ብርድ አለኝ› ብሎኝ ነበር። ጋቢዬን አልብሼ ሰደድሁት።»

ፈህሚያ ስልኳን አወጣች። ደወለች፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች። ያቺ የስልክ ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ ሰውዬውን ልታገኝ እንደማትችል ነገረቻት። ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ መኪና እንዳለ ለመጠየቅ አንድ ሰው ወደ መናኸሪያ ተላከ። ተመልሶ መጣ፤ መንገዱ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። የእዚያ አገር ኔትዎርክም አንድ ቀን ካለ ሳምንት የለም።

ሽማግሌዎቹ ወደ መስጊድ ሄዱ። አባትና ልጅ ሱቁ ውስጥ፣ በገብሱ ጆንያ አጠገብ ተቀመጡ። ሐጂ ሳሊም ጆንያውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። ፈህሚያ ይቆጣሉ ብላ ጠረጠረች፤ ያለቅሳሉ ብላ ጠረጠረች። ሁለቱንም አላደረጉም።

«መልእክት ይሄዳል?» አሉ በመጨረሻ።

«ከዚህ ይሄዳል። እዚያ የሚደርሰው ኔትዎርክ ሲመጣ ነው።»

«እንግዲያ ጻፊ። ከራስሽ እንዳትጨምሪ፤ እኔ የምልሽን ጻፊ።»

እሳቸው እየነገሯት ጻፈች፦

«አድማሴ፣ ሳሊም ነኝ። ልጅህ ታንብብልህ። ካሳለህ ወይም ካተኮሰህ ብርድ ነው ብለህ እንዳትተኛ። ጋቢም አትደራርብ። ያን ቀን ያስታጠብሁህ ውሃ በሽታ ሳይኖረው አይቀርም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በሰው ሸክምም ቢሆን ሐኪም ቤት ድረስ። ስትደርስ ‹ጎንደር የሳሊም ውሃ ታጥቤያለሁ› በል። መድኃኒቱን የሚሰጡህ ያን ካልህ ነው። አትፈር፣ እኔም አላፍርም። ስሜን ጥራ። እንደደረሰህ አንዲት ቃል መልስልኝ፤ ስድብም ቢሆን።»

ፈህሚያ ደግማ አነበበችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ላከችው።

ሐጂ ሳሊም ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ጆንያው ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ሊገዛ የገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያወራ በእጃቸው እየጠቆሙ፣ ስልኩ ሲጮኽ እንዳያልፋቸው ጆሯቸውን ሰጥተው ዋሉ። በተከታዮቹ ሳምንታት ሸኽ ዐብዱረሕማን ድነው ከሆስፒታል ወጡ። ቦይለሩ ተፈትቶ ታጠበ። መንገዱም አንድ ቀን ተከፈተ፣ ሰው ሳይላክበት ደግሞ ተዘጋ። ገብሱ እንደታሰረ፣ ስልኩም ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ለዚያ መልእክት ግን መልስ አልመጣም።